ለጋሽ ተፈራ የነገርኳቸው ነገር

ይህን የምነግራችሁን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም። ለእህቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን «አባ፣ ዋሽቻለሁ» ብዬ አውቃለሁ እንጂ ምን ብዬ እንደዋሸሁ፣ በማን ላይ እንደዋሸሁ አልተነፈስኩም። እሳቸውም ሰው ሁሉ የሚዋሸው ዓይነት ውሸት መስሏቸው ስግደት ሰጥተው አሰናበቱኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ ታመመ እንጂ ልቤ አልቀለለም። እንዴት ይቅለል? ለእሳቸው የነገርኳቸው የኃጢአቴን ስም ብቻ ነበር፤ ኃጢአቴን ራሱን ደብቄ ይዤው ተመለስኩ።

ነርስ ነኝ። ስሜ ፀዳለ ነው፤ ሥራ ቦታ ሲስተር ፀዳለ ይሉኛል። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የምሠራውም ከቤቴ ብዙ በማይርቅ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ጽኑ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ነው። እኛ አይሲዩ እንለዋለን። መተንፈስ ላቃተው ሰው ማሽን የሚተነፍስለት ክፍል ነው። እዚያ የተኛ ሰው አይናገርም፤ ቱቦው በጉሮሮው ስለሚያልፍ ድምፅ የለውም። የሆነውን ሁሉ ስለ እሱ የምንናገርለት እኛ ነን። እኔም ስለ አንድ ሰው ተናገርኩ። የተናገርኩት ግን ሐሰት ነበር።

ልጁ ሄኖክ ይባላል። ጠመንጃ ያዥ ሠፈር፣ ከአባቱ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ ደጃፍ ላይ ብረት ሲያራግፍ አይሱዙ ገጭቶት ነው ወደ እኛ የመጣው። የጎን አጥንቶቹ ተሰብረው ሳንባውን ወግተውት ነበር። ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰ ጎረምሳ ነበር፤ ክንዱ እንደ ብረት ሠራተኛ ክንድ የጠነከረ፣ ፊቱ ግን የልጅ ፊት። ቱቦ ገባለት፣ ማሽን ተገጠመለት። ሕመሙ የሚቻል ስላልነበረም ሞርፊን ያለማቋረጥ በደም ሥሩ ይሰጠው ጀመር። መድኃኒቱን እየለካች በዝግታ የምትገፋ ትንሽ ፓምፕ አለችን፤ በእሷ እየተሰጠው ሳምንታት ቆየ።

ሞርፊን እንዲህ ረዘም ላለ ጊዜ የተሰጠው ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል። ይህ ማለት ሱሰኛ ሆነ ማለት አይደለም። ሕፃንም ይለምደዋል፣ መነኩሴም ይለምደዋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚያልቀው። በድንገት ከተቋረጠ ሰውነት ያምፃል፤ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ይፈራገጣል፣ አልጋ አይችለውም። ይህን ነርስ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፤ አላወቅሁም ነበር አልላችሁም።

አባቱ ጋሽ ተፈራ የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ ከሁሉም ቀድመው ነበር የሚገቡት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጃቸው በብየዳ ፍንጣሪ የተነቆረ ሰው ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው ከግርጌ ይቆሙና የልጃቸውን የእግር አውራ ጣት ይይዛሉ። ሌላ ቦታ እንዳይነኩት ሽቦውና ቱቦው ያስፈራቸዋል። ጣቱን እንደያዙ የሠፈሩን ወሬ ይነግሩታል፤ የማን በር እንዳለቀ፣ የማን መስኮት እንደዘገየ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ይሰማኛል ግን?» አሉኝ። «ይሰማዎታል፣ ያናግሩት» አልኳቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። ሰለሞን የሚባል ታላቅ ልጅ ነበራቸው፤ እሱንም ቀብረዋል። በምን እንደሞተ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ሄኖክ ይሻለው ጀመር። ልክ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ወልዳ ደም የፈሰሳት ሴት ከቀዶ ጥገና ክፍል አመጡልን። የደም ግፊቷ ወርዶ ወርዶ ሊጠፋ ነበር። ግፊቷን የሚይዝላት መድኃኒት በፓምፕ ካልሆነ አይሰጥም፤ ያሉን ፓምፖች ደግሞ ሁሉም ተይዘዋል። የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ያሬድ ዙሪያውን ተመለከተና «የሄኖክን ውሰጂላት» አለኝ። «እሱ እየተሻለው ነው። ሞርፊኑን በእጅ በትንሽ በትንሹ እየሰጣችሁት ቀስ ብላችሁ ቀንሱለት።»

ፓምፑን ነቅዬ ወሰድኩ። ሴትየዋ ተረፈች። ለብዙ ዓመት ይህችን ሴት እንደ ጋሻ ይዣት ኖርኩ። ሕሊናዬ ሊጠይቀኝ ሲነሳ እሷን ከፊቴ አቆማታለሁ፤ አንዲት እናት አድኛለሁ እለዋለሁ። ግን ፓምፑን በመውሰዴ የሚከሰኝ ማንም የለም። ዛሬም ቢሆን እወስደዋለሁ። የኔ ጥፋት ከፓምፑ በኋላ የመጣው ነው።

ለሄኖክ ሞርፊኑን በእጅ መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁትም። ተኝቶ ነበር፤ ጸጥ ብሎ። ሞርፊን ለማውጣት ቁልፍ የያዘውን ሰው መፈለግ፣ ምስክር መጥራት፣ መፈረም አለ። እኔ ደግሞ እጄ ከወለደችው ሴት ላይ አልላቀቅ ብሎኛል። ትንሽ ይቆይ አልኩ። ደግሞ ትንሽ ይቆይ አልኩ። ኋላ ላይ «ቶሎ ከነቃ ቱቦውም ቶሎ ይወጣለታል» ብዬ ለራሴ ምክንያት ሠራሁ። ይህ ሁሉ ድካም ነው፣ ቸልተኝነት ነው በሉት። ከሥራ ስወጣ ግን ለተረካቢዋ ነርስ «ሞርፊኑን እየቀነስንለት ነው» አልኳት። እየቀነስን አልነበረም። ቆሟል። ቆሟል ብላት ኖሮ አንድ ቀን ሥራ ያልጨረሰች ነርስ እባል ነበር፤ ከዚያ የከፋ ምን ይመጣብኝ ነበር? ይህችን ለምታህል ትንሽ ነገር ነው የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት። ልጅቷም አምናኝ፣ የሚገባውን ሰጥቼው የወጣሁ መስሏት ሌላ ሳትጨምር አሳደረችው፤ በዜሮ ማለት ነው።

በማግስቱ ስመለስ ሄኖክን ከበሩ ሆኜ አየሁት። ላብ አጥምቆታል። ቱቦው አፉ ውስጥ እያለ ያዛጋል። አፍንጫውና ዓይኑ ይፈሳል፤ ቆዳው እንደተነጨ ዶሮ ቆዳ ተኮማትሮ ፀጉሩ ቆሟል። እግሩ አያርፍም፤ አንሶላውን ይረግጣል፣ ይረግጣል። ሆዱ ተበላሽቶበታል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጠቁሯል፤ በዚያ ዓይን ሰው ይፈልጋል፣ እኔን ይፈልጋል። የሚለው ነገር አለው፣ ድምፅ ግን የለውም።

አይቼ አወቅሁ? አዎ፣ አወቅሁ። ገና ከበሩ ሳልገባ አወቅሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ፋሻ አመጣሁና ሁለት እጁን ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኩት። ላቡን እየጠረግሁ፣ በጆሮው «አይዞህ፣ ረጋ በል» እያልኩ አሰርኩት። የሚያረጋጋውን ነገር የነጠቅሁት እኔ፣ ረጋ በል የምለው እኔ፣ አልረጋ ሲል የማስረው እኔ። ሐኪም እስኪመጣ ነው ብዬ ነው። ሐኪም ሲመጣ ምን እንደምለው እያሰብኩ ነው። ሳስብ፣ ጀርባዬን ሳዞር፣ አንድ እጁን ከፋሻው አሾለከና ቱቦውን ነቀለው።

የዚያን ሰዓት ግርግር አልተርክላችሁም። ደም ነበር። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። ዶክተር ያሬድ ደጋግሞ ሞክሮ፣ ብዙ ታግሎ ቱቦውን መለሰለት። ሄኖክ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ድምፁ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻካራ ሆኖ ቀረ።

ዶክተር ያሬድ ጓንቱን እያወለቀ በጣም ደክሞት «ፀዳለ፣ ሞርፊኑን በአንድ ጊዜ አቋርጣችሁበት ነው እንዴ?» አለኝ።

መልሱን አፌ ውስጥ ይዤው ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነበር። ነገር ግን ወለሉ ላይ ደም አለ፤ የክፍሉ አስተባባሪ ሆኜ እንድሾም ስሜ የተላለፈው በዚያው ሰሞን ነው፤ ሌሎቹ ነርሶች ቆመው ያዩኛል።

«አይ ዶክተር፣ ቀስ እያልን ነው የቀነስንለት» አልኩት።

መዝገቡን እንኳ ሳያይ አመነኝ። ለምን አያምነኝም? አብረን ብዙ ሠርተናል፤ ዋሽቼው አላውቅም። ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ከዚህ ከመምጣቱ በፊት የለመደው ነገር ይኖራል» አለ። «የሚታየው ሁሉ የሱስ ነገር ነው። እስቲ አባቱን ጠይቂያቸው።»

ዶክተሩ ያለኝ ጠይቂ ነው። እኔ ግን አልጠየቅሁም፤ ነገርኳቸው። ልዩነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ጋሽ ተፈራን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ልጃቸው የታሰረበትን ፋሻ በመስታወቱ አሻግረው እያዩ ነበር።

«ልጄ ምን ሆኖ ነው የታሰረው?»

«ጋሽ ተፈራ፣ እንግዲህ ከእርስዎ አይደበቅም። ሰውነቱ የለመደውን ነገር እየጠየቀ ነው። ሄኖክ የሚወስደው ነገር ነበር።»

ነበር አልኩ። ነበር ወይ አላልኩም።

ይቆጡኛል፣ «ልጄ እንዲህ አይነካውም» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት እደነግጥ፣ ምናልባት ወደ ኋላ እል ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደገፉ። «እኔስ ላቡን ሳይ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ማዛጋቱን ሳይ። ሰለሞንም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ያን የሕመም ክኒን ያጣ ጊዜ እንዲሁ ነበር የሚያልበው፣ እንዲሁ ነበር እግሩ አላርፍ የሚለው። እኔ ነኝ ስይዘው የማድረው። ይህን ላብ አውቀዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ታላቁ ልጅ በምን እንደሞተ ያወቅሁት። ጋሽ ተፈራ አልተሳሳቱም፤ ያዩት ነገር እውነት ነው። ከሁለቱም ልጆቻቸው ሰውነት የወጣው ላብ አንድ ዓይነት ላብ ነበር። ልዩነቱ አንዱን ያስለመደው መንገድ ላይ ያገኘው ክኒን፣ ሌላውን ያስለመድነው እኛ መሆናችን ነው። ይህን ልዩነት በዚያ ኮሪደር ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ።

ዶክተር ያሬድ ሱስ ነው ብሎ ስላመነ ሕክምናውን እንደ ሱስ አደረገው፤ ሞርፊኑ እንደገና እንዲሰጠው፣ ከዚያም በጣም በዝግታ እንዲቀነስ አዘዘ። ይህም መደረግ የነበረበት ትክክለኛው ነገር ነው። ሄኖክ ወዲያው ላቡ ደረቀ፣ እግሩ ተኛ፣ ፋሻውን ፈታንለት። ጋሽ ተፈራ ገብተው አዩት። «ሲሰጡት ተረጋጋ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰለሞንም ሲያገኝ እንዲህ ነበር የሚተኛው።» ከግርጌ ቆመው ነበር። የእግሩን ጣት አልያዙም። ቆባቸውን አደረጉና ወጡ። ያዳነው መድኃኒት በአባቱ ዓይን ምስክር ሆነበት።

ከዚያ ወዲህ በመጠየቂያ ሰዓት አልመጡም። ሄኖክ ቱቦው ከወጣለት በኋላ በዚያ በተሻከረ ድምፁ «አባቴስ?» ይል ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይዞራል። «ሥራ በዝቶባቸው ነው» እንለዋለን። እኔም ብዬዋለሁ። ፊቱን እያጠብኩት፣ ሾርባ እያጎረስኩት ብዬዋለሁ። መናገር የምችልባቸው ቀናት ነበሩ እኮ! እያንዳንዱ ቀን መናገር የምችልበት ቀን ነበር። ጠዋት ስነሳ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ክፍሉ ስገባ ሁሉም ሰላም ነው፣ በሽተኛው እየዳነ ነው፣ ለምን አነሳዋለሁ እላለሁ። ሹመቱ ሲጸድቅልኝ ደግሞ ጭራሽ አፌ ተዘጋ።

ሄኖክ የሚወጣበት ቀን ጋሽ ተፈራ ከወንድማቸው ልጅ ጋር መጡ። ከዚህ ቀጥታ ጠበል ነው የምወስደው አሉ። ዶክተር ያሬድ ለመናቸው፤ ሳንባው ገና ነው፣ ብርድ ይጎዳዋል፣ ክትትል ያስፈልገዋል አላቸው። ጋሽ ተፈራ በትሕትና አዳምጠውት «ዶክተር፣ ሳንባውን እናንተ አድናችሁልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አሉ። «ያኛውን በሽታ ግን እኔ ነኝ የማውቀው።» ሄኖክ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ያያል። የትኛው በሽታ እንደሆነ አልገባውም። እኔ የመድኃኒቱን ከረጢት ይዤ አጠገቡ ቆሜአለሁ። ከረጢቱን ለወንድማቸው ልጅ ሰጠሁት። ይህን ብቻ ነው ያደረግሁት።

ዓመታት አለፉ። እኔ ጥሩ ነርስ ሆንኩ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል፣ ግን እውነት ነው። አዲስ ለሚመጡ ነርሶች ትምህርት የምሰጠው እኔ ነኝ። በሽተኛ ሲረበሽ ከማሰራችሁ በፊት ለምን እንደተረበሸ ጠይቁ እላቸዋለሁ። አሞት ነው? ሽንቱ ተይዞ ነው? አየር አጥሮት ነው? ሞርፊን ላይ የቆየ ከሆነ ማን ቀነሰው፣ እንዴት ቀነሰው? ማዛጋቱን እዩ፣ ቆዳውን እዩ፣ ብሌኑን እዩ። «ሲስተር ፀዳለ እኮ በሽተኛ እንዲታሰር አትወድም» ይላሉ፤ ያመሰግኑኛል። ከየት እንደተማርኩት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በሄኖክ ሰውነት ተምሬ፣ በሄኖክ ሰውነት ስም አተረፍኩ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ የምኖርበት ሕንጻ ደረጃ ላይ የተነቀለውን የብረት መደገፊያ የሚበይድ ሰው መንገዱን ዘግቶ አገኘሁት። «ይቅርታ እናቴ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለ፤ ድምፁ ሻካራ ነበር። መነጽሩን ገልጦ እስኪያየኝ ድረስ አላወቅሁትም። «እሺ፣ ቀስ በል» ስለው ቀና አለ።

«ሲስተር ፀዳለ!»

ዘንቢሌን ከእጄ ተቀብሎ እስከ ቤቴ በር አደረሰልኝ። በድምፅዎ ነው ያወቅሁዎት አለኝ። ያን ጊዜ ሌላው ሁሉ ጠፍቶበት የሚያስታውሰው «አይዞህ፣ ረጋ በል» የሚለውን ድምፅ ነው አለኝ። «ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «እግዚአብሔር ነው» አልኩ።

ቆሞ እያወራኝ ኑሮውን ነገረኝ። ጠበል ቦታ ብዙ ወር በብርድ ተጠምቆ ሳንባው እንደገና ታሞበት ነበር። ከዚያ ሲመለስ አባቱ የሱቁን ቁልፍ ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተውት አገኘ። ሰለሞን በሕይወት ሳለ መሣሪያውን ሁሉ እያወጣ ይሸጥ ስለነበር፣ አባቱ ሄኖክም እንደዚያ ያደርጋል ብለው ፈሩ። አሁን በቀን ሥራ ለሌላ ሰው ይበይዳል። አብራው የነበረች ልጅ ቤተሰቦቿ ወሬውን ሰምተው ከእሱ ለዩዋት። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ በማንም አይማረርም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎት አይቀየሙኝም? ምን ነበር የወሰድኩት?»

«እ?»

«በደሜ ውስጥ ምን ተገኘብኝ? አባቴን ብጠይቀው አንተ ታውቃለህ ብሎኝ ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም። እኔ ግን አላውቅም። ሰለሞን ከሞተ በኋላ ክኒን ሳይ እንኳ ያመኛል። የሆነ ሰው ሻይ ውስጥ አድርጎብኝ ይሆን እላለሁ። ደግሞ ራሴ ወስጄ ረስቼው ይሆን እላለሁ፤ አደጋው ብዙ ነገር አስረስቶኛል። ራሴን ማመን አቃተኝ። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

በሬ ላይ ነው የቆምነው። ከኛ በቀር ደረጃው ላይ ሰው የለም። እግዚአብሔር ከዚህ የተሻለ ዕድል ለማን ይሰጣል? ከአፌ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቀው። አባቱ በሕይወት አሉ፤ ከዚያ በእግር ብንሄድ የምንደርስበት ቦታ ነው ያሉት።

«ብዙ ጊዜ ሆነው እኮ፣ አላስታውስም» አልኩት።

«እውነትዎን ነው፣ ስንት በሽተኛ ያያሉ» አለና ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ! ከዚያ የቤቴ በር ማጠፊያ ላልቶ ስላየ ሳልለምነው አጥብቆልኝ ሄደ።

ከውሸቶቼ ሁሉ የትኛው ይከብዳል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ይህን ነው የምላችሁ። የመጀመሪያውን የዋሸሁት ደክሞኝ ነው፣ ለዶክተር ያሬድና ለአባቱ የዋሸሁትን ፈርቼ ነው። ይህን ግን አርፌ፣ ተረጋግቼ፣ ከገበያ ያመጣሁትን ሽንኩርት ይዤ ነው የዋሸሁት።

ባለፈው ወር የሕንጻችን ዘበኛ ያ ብረት ሠራተኛ አባቱ ሞቱበት አለኝ። ለቅሶ ሄድኩ። ጠመንጃ ያዥ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ጠባብ መንገድ ድንኳን ተተክሏል። የወንድማቸው ልጅ ከፊት ተቀምጦ ሰው ያስተዛዝናል። ሄኖክ ከውጭ አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። የሟች ልጅ ወንበር ሲያመላልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አጠገቤ የተቀመጡትን አንዲት አሮጊት ለምን ልጁ ከፊት አልተቀመጠም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን እባክሽ» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው። «በዚህ ሱስ ምክንያት አባቱ እስኪሞት አላናገረውም። ሲያጣጥር እንኳን ልጁ በሩ ላይ ቆሞ እያለቀሰ፣ ይግባ ሲሉት እጁን አወራጨ። ሰው እኮ መክሮት ነበር፤ ልጁ ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ሲወስድ ያየው የለም ተብሎ ነበር። ተፈራ ግን ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ ይላል። ሐኪም ይዋሻል? ይላል።»

የቀረበልኝን ንፍሮ መሬት ላይ አስቀምጬ ተነሳሁ። ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሄኖክን ፈልጌ አገኘሁት። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲበተን፣ ግንቡ ሥር ተቀመጥን። ጥቁር ለብሷል። ሁሉንም ነገርኩት። ፓምፑን፣ ያልሰጠሁትን ሞርፊን፣ ለተረካቢዋ ያልኳትን፣ ለዶክተር ያሬድ ያልኩትን፣ ለአባቱ ያልኳቸውን። ደረጃው ላይ አላስታውስም ያልኩትን። «ምንም አልወሰድክም ሄኖክ። ያስለመድንህ እኛ ነን፤ በአንድ ጊዜ የነጠቅሁህ እኔ ነኝ» አልኩት።

እየሰማ መሬቱን ያያል። ስጨርስም ያያል። ይመታኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እንዲመታኝም ፈለግሁ። «አባቴ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው?» አለኝ።

«አዎ። አላወቁም።»

«ደረጃው ላይ ስጠይቅሽ አባቴ በሕይወት ነበረ።»

ስጠይቅሽ አለኝ። በሽተኛ ሆኖ፣ ድኖ፣ ዘንቢሌን ተሸክሞ እርስዎ ሲለኝ የኖረ ልጅ አንቺ አለኝ። ከስድብ ሁሉ ይህ ባሰብኝ፣ ይህ ወጋኝ። ተገቢም ነበር።

«ነበሩ» አልኩት።

«ነግረሽኝ ቢሆን አብሬው ቁርስ እበላ ነበር» አለ። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠርጎ ተነሳና «አርባው ላይ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። ትመጫለሽ። ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱ ትነግሪያለሽ» አለኝ።

«እሺ።»

«ሁሉንም።»

«እሺ፣ ሁሉንም።»

ይቅርታ አድርግልኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። እጁን አንስቶ ከለከለኝ። «እሱን ለራስሽ ነው የምትፈልጊው» አለኝና ሄደ። እውነቱን ነው።

አርባው ነገ ነው። ባሌ ዛሬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሌላ ክፍል ገብቶ ተቀምጧል። ከነገ ወዲያ ለሆስፒታሉ ኃላፊም እነግራለሁ፤ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። ፓምፕ አጥሮን ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ሰው ነኝ ልላችሁ እችላለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ግን አንዱም ጋሽ ተፈራን በዚያ ኮሪደር ላይ ነበር እንድላቸው አላስገደደኝም። ነገ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ስናገር የጎረቤት አሮጊቶች ይሰሙኛል፣ የወንድማቸው ልጅ ይሰማኛል፣ ሄኖክ ይሰማኛል። ከሁሉም በፊት ሊሰሙኝ ይገባቸው የነበሩት ሰው ግን አይኖሩም። በሕይወት ሳሉ ልነግራቸው ዓመታት ነበሩኝ። አልነገርኳቸውም። ምክንያት የለኝም።